የነገውን የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዘጋጀት

ቻትጂፒቲን፣ ጀሚናይን ወይም ክሎድን ከፍተው «ለ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ትምህርት ዕቅድ አዘጋጅልኝ» ብለው ቢጽፉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተሟላ የሚመስል ዕቅድ ይመጣልዎታል። ዓላማው፣ የደቂቃ ክፍፍሉ፣ የማጠቃለያው ጥያቄ ሁሉም በየቦታው ነው። ችግሩ የሚታየው ይዘውት ክፍል ሲገቡ ነው። ዕቅዱ ተማሪዎቹ በፕሮጀክተር ቪዲዮ እንዲያዩ፣ የታተሙ ካርዶች በየቡድኑ እንዲታደሉ፣ መምህሩ እየዞረ እያንዳንዱን ልጅ እንዲያነጋግር ይጠይቃል። እርስዎ ያለዎት ደግሞ 40 ደቂቃ፣ ከ60 የሚበልጡ ተማሪዎች፣ አንድ ሰሌዳና ጠመኔ ነው። መሣሪያው ያሰናዳው ለሌላ አገር ክፍል ነው፤ ስለ እርስዎ ክፍል የነገረው የለምና።

በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ስለሆነ የእንግሊዝኛ መምህር ሸክም ከአንድ የትምህርት ዓይነት ያለፈ ነው። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ማንበብን ያልለመደ ልጅ የባዮሎጂውም የታሪኩም መጽሐፍ ይዘጋበታል። እነዚህ መሣሪያዎች የመምህሩን ድካም የሚቀንሱ ከሆነ አያያዛቸውን በደንብ ማወቅ ይገባናል። አያያዙ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፦ ጉልበት የሚጨርሰውን ሥራ ለመሣሪያው ይስጡ፤ ስለ ተማሪዎችዎ የሚወሰነውን ውሳኔ ለራስዎ ያስቀሩ። አንድን ምንባብ ቀለል አድርጎ እንደገና መጻፍ፣ ሃያ የመለማመጃ ዓረፍተ ነገር መደርደር፣ ለምርጫ ጥያቄ አማራጭ ማውጣት ጉልበት ነው። የትኛው ልጅ የት ላይ እንደሚሰናከል ማወቅ የእርስዎ ነው።

ስልክዎን ከመክፈትዎ በፊት

መማሪያ መጽሐፉንና የመምህሩን መምሪያ ይክፈቱ። ነገ የሚያስተምሩትን ገጽ አንብበው በወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ ከ40 ደቂቃ በኋላ ተማሪው ምን መሥራት ይችላል? «ቀላል ኃላፊ ጊዜን ይረዳል» ማለት አይበቃም፤ መረዳት በዓይን አይታይም። «ስለ አንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት አምስት ዓረፍተ ነገር በቀላል ኃላፊ ጊዜ ይጽፋል» ካሉ ግን ደብተር እያዩ መሳካቱን ማረጋገጥ ይችላሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር መሣሪያው እንዲጽፍልዎ አይጠይቁ። ዓላማው ከተሳሳተ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ አምሮ ይሳሳታል።

ቀጥሎ መጽሐፉ ላይ ያለውንና የጎደለውን ይለዩ። ጥሩ ምንባብ ካለ አዲስ አያስጽፉ፤ ተማሪው በእጁ ያለውን ገጽ ማንበቡ ከሰሌዳ ሲገለብጥ ክፍለ ጊዜው ከሚያልቅበት ይሻላል። መጽሐፉ ለሁሉም ካልደረሰ፣ ምንባቡ ከልጆቹ አቅም በላይ ከሆነ ወይም መልመጃው ካነሰ፣ መሣሪያውን ምን እንደሚጠይቁት ያን ጊዜ ያውቃሉ።

ክፍልዎን ያስተዋውቁት

ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ይሥሩትና በቴሌግራም ለራስዎ በሚልኩት መልእክት ውስጥ ያስቀምጡት፤ አዲስ ውይይት በከፈቱ ቁጥር ገልብጠው ከላይ ይለጥፉታል። ይዘቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በኢትዮጵያ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህር ነኝ። 65 ተማሪዎች በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። አፍ መፍቻ ቋንቋቸው አማርኛ ነው። አብዛኞቹ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ያነባሉ፤ አንቀጽ መጻፍ ግን ይከብዳቸዋል። ያለኝ ሰሌዳና ጠመኔ፣ እነሱም ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ነው። ፕሮጀክተር፣ ፎቶ ኮፒና ድምፅ ማጫወቻ የለም። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ክፍሉ እስኪረጋጋ 5 ደቂቃ ይሄዳል። ከነዚህ ውጭ የሆነ ነገር የሚጠይቅ መልመጃ አታቅርብልኝ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይተዋት። ያለ እሷ ፕሮጀክተሩ ተመልሶ ይመጣል። ተማሪዎችዎ አፋን ኦሮሞ፣ ሲዳምኛ ወይም ትግርኛ የሚናገሩ ከሆኑም ያንኑ ይግለጹ፤ ልጆቹ የሚሠሩት ስህተት ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጋር የተያያዘ ነው።

ደረጃ ለመግለጽ የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ከኤ1 እስከ ሲ2 የሚዘልቀው መለኪያ ይጠቅማል፤ መሣሪያዎቹ ያውቁታል። ነገር ግን 9ኛ ክፍል ስለደረሱ ብቻ ቢ1 ናቸው ብለው አይጻፉ። ትናንት በደብተራቸው ያዩት ጽሑፍ ኤ2 ከሆነ ኤ2 ይበሉ፤ በዚህ የሚያፍርበት ሰው የለም፤ ልጆቹ ካሉበት መነሳት ነው የሚጠቅማቸው።

ትዕዛዙን በአማርኛ ቢጽፉትም ይገባዋል። ለእንግሊዝኛ ትምህርት ግን በእንግሊዝኛ መጻፉ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ መሣሪያዎቹ የሠለጠኑበት ጽሑፍ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ለራስዎም በየዕለቱ የመጻፍ ልምምድ ይሆንልዎታል።

ከፋፍለው ይጠይቁ

ሙሉውን ዕቅድ በአንድ ጊዜ አይጠይቁ። በመጀመሪያ ምንባቡን፣ ከዚያ ቃላቱን፣ ከዚያ ጥያቄዎቹን፣ በመጨረሻ የጽሑፍ ሥራውን ያሠሩት። በየደረጃው አይተው ያስተካክላሉ፤ ጠማማው ምንባብ ላይ ጠማማ ጥያቄ አይገነባም።

ለምሳሌ ስለ አበበ ቢቂላ እናሠራው። ቀላል ኃላፊ ጊዜን ለማስተማር የሚመች ታሪክ ነው፤ ሁሉም ልጅ ስሙን ያውቀዋል፣ ድርጊቶቹም በቅደም ተከተል ይሄዳሉ። መጀመሪያ እርግጠኛ የሆኑባቸውን ፍሬ ነገሮች እርስዎ ራስዎ ይስጡት፦ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ፤ ሩጫው ያበቃው ሲመሽ፣ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት አጠገብ ነበር፤ በ1964 በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጦ እንደገና አሸነፈ፤ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ እንዲህ ይዘዙት፦ «ከእነዚህ ፍሬ ነገሮች ውጭ ምንም ሳትጨምር በኤ2 ደረጃ የ90 ቃል ምንባብ ጻፍ። አንድ ዓረፍተ ነገር ከ10 ቃል አይበልጥ። ቢያንስ አምስት መደበኛ ያልሆኑ ግሶች ይኑሩበት።»

90 ቃል ያልኩት በምክንያት ነው። ከዚያ የረዘመ ምንባብ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ ክፍለ ጊዜውን ይበላል። በእረፍት ሰዓት ገብተው አስቀድመው መጻፍ ከቻሉ ጥቂት ማስረዘም ይችላሉ።

ጥያቄዎቹን ሲያሠሩ በሦስት እርከን ያድርጉት። የመጀመሪያው መልሱ ምንባቡ ውስጥ ቃል በቃል የሚገኝ፣ ሁለተኛው ሁለት ዓረፍተ ነገር አገናኝቶ የሚመለስ፣ ሦስተኛው የተማሪውን አስተያየት የሚጠይቅ። ሦስቱንም እርከን በአንድ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ተማሪው ከቻለበት ይጀምር። ደካማ የሚባለው ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች በትክክል መልሶ ሲቀመጥ የሚሰማውን ያውቁታል፤ ለዚያ ሲባል ቀላል ጥያቄዎቹ እውነተኛ ጥያቄዎች ይሁኑ፣ ለይስሙላ የተቀመጡ አይሁኑ።

የንግግር ሥራ ላይ መሣሪያው ብዙ ሐሳብ አለው፤ ገደቡን ከነገሩት በተለይ። «ወረቀት ሳይታደል፣ 65 ልጅ በአንድ ጊዜ የሚናገርበት የ8 ደቂቃ ሥራ ስጠኝ» ይበሉት። ከሚያመጣቸው ውስጥ ለእኛ ክፍል የሚመቸው አንዱ ይህ ነው፦ ከፊት ዴስክ ያሉት ሦስት ተማሪዎች ዞረው ከኋላቸው ካሉት ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። የኋለኞቹ ሰሌዳውን ያያሉ፤ የዞሩት አያዩም። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ታሪክ የሚያዩት በእንግሊዝኛ ይነግራሉ፣ የማያዩት ይጽፋሉ። አንዱ ያለው መረጃ ሌላው ጋር ስለሌለ መነጋገር ግድ ይሆናል፤ የታተመ ካርድም አላስፈለገም። ይጮኻል፣ እውነት ነው። የጎረቤት ክፍል መምህርን አስቀድመው ቢያስጠነቅቁ ጥሩ ነው።

ሳይመረምሩ ሰሌዳ ላይ አይጻፉ

እነዚህ መሣሪያዎች ከተማሩት ብዙ ጽሑፍ ተነስተው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በመገመት የሚጽፉ ናቸው። ስለዚህ የማያውቁትንም የሚያውቁትን በሚጽፉበት በዚያው ልሳን ይጽፉታል። ሰዋስዋቸው ብዙውን ጊዜ ትክክል በመሆኑ ስህተቱ ይሸፈናል። መመርመር ያለብዎት እነዚህን ነው።

ፍሬ ነገሩን። ስለ አገራችን ሲጽፉ በተለይ ይጠንቀቁ። አበበ በባዶ እግሩ የሮጠበት ምክንያት በየቦታው በተለያየ መንገድ ይተረካል፤ መሣሪያው አንዱን መርጦ እንደ እርግጥ ሊጽፈው ይችላል። የዘመን አቆጣጠሩም ወጥመድ አለው። የሮም ማራቶን የተካሄደው መስከረም 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ሰባት ዓመት ብቻ ቀንሶ 1953 የሚል መሣሪያ በአንድ ቀን ልዩነት ዓመቱን ሳተው። ቀን መለወጥን ለመሣሪያው አይተዉለት።

የቃላቱን ክብደት። «ኤ2» ቢሉትም ከባድ ቃል ያስገባል። ስለ ንባብ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አንባቢ ያለ ብዙ ችግር እንዲረዳ ከምንባቡ ቃላት ከ95 እስከ 98 በመቶውን ማወቅ አለበት። በ90 ቃል ምንባብ ይህ ማለት አዲስ ቃል ከአራት አይብለጥ ነው። ጮክ ብለው ያንብቡት፤ የክፍልዎ መካከለኛ ተማሪ የማያውቀውን ቃል እያሰመሩ ይቁጠሩ። ከበዛ «እነዚህን ቃላት ቀላል በሆነ ተካ» ብለው ይመልሱት።

የአማርኛ ፍቺውን። ለአዲስ ቃላት የአማርኛ ትርጉም ሲጠይቁት ጆሮ የማይቀበለው ወይም ከነጭራሹ የሌለ ቃል ሊፈጥር ይችላል። ፍቺውን ራስዎ ይጻፉ፤ ለአራት ቃል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

መልሱን። የምርጫ ጥያቄ ሲያወጣ ትክክለኛው መልስ ከሌሎቹ የረዘመ፣ በቢና በሲ ላይ የተከማቸ የመሆን ልማድ አለው። ተማሪዎች ይህን በፍጥነት ይደርሱበታል፤ ሳያነቡ ረጅሙን ይመርጣሉ። አማራጮቹን በርዝመት አስተካክለው ፊደላቱን ያቀያይሩ፤ እያንዳንዱን ጥያቄም መልሱን ሳያዩ ራስዎ ይሥሩት። ሁለት ትክክለኛ መልስ ያለው ጥያቄ የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

የልጆቹን ስህተት መልመጃ ያድርጉት

ከሁሉም በላይ ጥቅም ያየሁበት ይህ ነው። ደብተር ሲያርሙ ደጋግመው የሚያዩትን ስህተት በአንድ ገጽ ይሰብስቡ፤ ስም አይጻፉ፣ ዓረፍተ ነገሮቹን ብቻ። «ዲድ ኖት ዌንት» የሚለው፣ «ዲስከስ አባውት» የሚለው፣ ከ«ሂ» እና ከ«ሺ» በኋላ ኤስ የጎደለው ግስ፣ ከስም በፊት የጠፋው «ኤ» ወይም «ዘ»። አስር ያህል ዓረፍተ ነገር ሲሞላ ለመሣሪያው ሰጥተው በስህተቱ ዓይነት እንዲመድባቸው፣ ለየዓይነቱም ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄዱ ስምንት አዳዲስ የማረሚያ ዓረፍተ ነገሮች እንዲጽፍ ያድርጉ። ይህን በእጅ ለመሥራት አንድ ምሽት ይፈጃል።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ የማስረዳቱ ድርሻ ግን የእርስዎ ነው፤ በዚህም መሣሪያው አይበልጥዎትም። ልጁ «አንድ ሰው መጣ» በሚለውና «ሰው መጣ» በሚለው መካከል መምረጥ የሚችልበት ቋንቋ ተናጋሪ ነው፤ እንግሊዝኛ ግን አንዱን ግድ ይለዋል። «ሰውየው» ላይ መጨረሻ የሚመጣው ምልክት በእንግሊዝኛ ከስሙ በፊት ተነጥሎ ይቆማል። ግሱ በአማርኛ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ግሱ ይጠፋበታል። ይህን በአማርኛ በሦስት ደቂቃ ሲነግሩት ልጁ ሰነፍ እንዳልሆነ ይገባዋል፤ ሁለት ሥርዓት በአንድ ጊዜ እየያዘ እንደሆነ ያያል። ስህተቱን ለማረም ፈቃደኛ የሚሆነውም ከዚያ በኋላ ነው።

ድምፅ ማጫወቻ በሌለበት የማዳመጥ ትምህርት

በብዙ ትምህርት ቤት የሚዘለለው የመጽሐፉ ክፍል ይህ ነው። መዝለል አያስፈልግም። ከ60 እስከ 80 ቃል ያለው አጭር ታሪክ ያስጽፉና እርስዎ በተፈጥሯዊ ፍጥነት ሁለት ጊዜ ያንብቡት። በመጀመሪያው ተማሪዎች እጃቸውን አስቀምጠው ያዳምጣሉ፤ በሁለተኛው ቁልፍ ቃላት ብቻ ይይዛሉ። ከዚያ በቡድን ሆነው ታሪኩን በራሳቸው ዓረፍተ ነገር መልሰው ይገነቡታል። ዘዴው ዲክቶግሎስ ይባላል፤ ሩት ዋጅንሪብ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ በስፋት ይታወቃል። ጥሩነቱ ማዳመጥን፣ ሰዋስውንና መጻፍን በአንድ ላይ ማስያዙ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲያስተምሩት የነበረው የጊዜ ቅርጽ የበዛበት ታሪክ እንዲጽፍ ማዘዝዎን አይርሱ።

ለፈተና

መመዘኛ ሰንጠረዡን ራስዎ ይሙሉ፦ ከየትኛው ምዕራፍ ስንት ጥያቄ፣ ስንቱ የማስታወስ፣ ስንቱ የማገናዘብ። ሰንጠረዡን ሰጥተው ከሚያስፈልግዎት ሁለት እጥፍ ጥያቄ ያስወጡ፤ ግማሹን ይጥላሉ። የተማሪዎቹን መጽሐፍ ገጽ ካልሰጡት ያላስተማሩትን ይጠይቃል።

ዳታ፣ መብራትና የልጆች ስም

የሳምንቱን ዝግጅት በአንድ መቀመጫ፣ ኔትወርክ ጥሩ በሆነበት ሰዓት ይጨርሱ። ጽሑፍ ብዙ ዳታ አይበላም፤ ሥዕልና ድምፅ ይበላሉ። መልሱ እንደመጣ ወደ ስልክዎ ማስታወሻ ይገልብጡት፤ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፉ በእጅዎ ይገኛል። ከዚያ ወደ ዕቅድ ደብተርዎ በእጅዎ ይጻፉት። ሲጽፉት የማይመች ነገር ካለ ይታይዎታል፤ ብዙ ማስተካከያ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።

የተማሪን ስም፣ ውጤት፣ የቤተሰብ ሁኔታ ወይም ፎቶ አያስገቡ። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ ከሕጉም በፊት ግን ልጆቹ አምነው የሰጡን ደብተር ነው። ድርሰት ማሳየት ካስፈለገ የሚቸገሩበትን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነጥለው ይጻፉ።

ተማሪዎቹም በስልካቸው እነዚህን መሣሪያዎች ይጠቀማሉ። ዩኔስኮ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በክፍል ውስጥ ለመጠቀም ዝቅተኛው ዕድሜ 13 እንዲሆን መክሯል። «ይህን ድርሰት ማሽን ነው የጻፈው» ብለው ለመክሰስ መለያ ሶፍትዌር አይመኑ። ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መለያ በሐምሌ 2023 በትክክለኛነቱ ማነስ ምክንያት አንስቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናትም እንዲህ ያሉ መለያዎች አፍ መፍቻቸው እንግሊዝኛ ያልሆነ ሰዎች በእጃቸው የጻፏቸውን የቶፍል ድርሰቶች በብዛት የማሽን ሥራ ናቸው እንደሚሉ አሳይቷል። የእኛ ልጆች እንግሊዝኛ እንደዚያው ነው። ከዚያ ይልቅ የሚሻለው የጽሑፍ ሥራውን ክፍል ውስጥ በደብተር ማሠራት፣ የቤት ሥራውንም ስልክ የማያውቀውን ነገር ማድረግ ነው፦ አያቱን ስለ ልጅነታቸው ጠይቆ አምስት ዓረፍተ ነገር በኃላፊ ጊዜ መጻፍ፣ የሰፈሩ ገበያ ባለፈው ቅዳሜ ምን ይመስል እንደነበር መግለጽ።

ከክፍል ሲወጡ

በዕቅድ ደብተርዎ ዳር ሁለት መስመር ይጻፉ፦ ምን ጊዜ ወሰደ፣ የት ላይ ተሰናከሉ። ማታ ያንኑ ውይይት ከፍተው ለመሣሪያው ይንገሩት፦ «ሁለተኛው መልመጃ 15 ደቂቃ ፈጀ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከዲድ በኋላ ግሱን ወደ መነሻ ቅርጹ አልመለሱም። የነገው የመጀመሪያ 10 ደቂቃ ይህ ላይ ብቻ ይሁን፤ በሰሌዳና በቃል የሚሠራ ስጠኝ።» የመጣውን ይምረጡ፣ ያርሙ፣ በዲፓርትመንቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይም በክፍልና በምዕራፍ ስም ሰይመው ያስቀምጡት። ያንኑ ምዕራፍ የሚያስተምሩት ባልደረቦችዎ ያክሉበታል፤ እርስዎም የእነሱን ይወስዳሉ።